የአንዲት ዓሣ መርዶ

«ሬሳ ሳይታይ፣ የሞተችበት ቀን ሳይታወቅ፣ እንዴት መርዶ ይነገራል?»

ጥያቄው የአንድ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር ነው። ባሕር ዳር ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ያልተጣራ ወሬ ሲሰሙ ግንባራቸውን የሚቋጥሩ ሰው ናቸው። መርዶውን ያመጣችላቸው የዓሣ ሀብት የምታጠናው የወንድማቸው ልጅ ናት። ሟቿ ደግሞ የጃቫ ስቲንጋሪ ትባላለች፤ ጠፍጣፋ አካል ካላቸው፣ ጅራታቸው ላይ መርዛማ እሾህ ከሚያበቅሉትና በጥቅሉ ስቲንግሬይ ከሚባሉት የባሕር ዓሦች አንዷ ናት። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023፣ የአየር ንብረት ጉባኤው ዱባይ ላይ በተቀመጠበት ሰሞን፣ በቀይ መዝገቡ ላይ «ጠፍታለች» ብሎ አሰፈራት። በሰው ሥራ ምክንያት እንደጠፋ በይፋ የተመዘገበ የመጀመሪያው የባሕር ዓሣ እርሷ ናት።

«ለመሆኑ ስንት ሰው አይቷታል?» አሉ መምህሩ።

«አንድ ሰው፣ አንድ ዓሣ፣ አንድ ጊዜ። እርሷም ብትሆን ሞታ ገበያ ላይ ነው የታየችው፣ ጋሼ።»

«በይ እንግዲህ!» ብለው በድል አድራጊነት ወደ ኋላቸው ተደገፉ። ክርክሩ ገና ከመጀመሩ ያሸነፉ መስሏቸዋል።

ባለቤታቸው ግን ከጓዳ ሆነው ጣልቃ ገቡ። «ያጠመዳትስ? ተሸክሞ ያመጣት፣ ዘርግቶ የሸጣት ሰው የለም እንዴ? የእናንተ ሳይንስ አንድ ጊዜ አያት ማለት እኮ ሌላው ሰው አላያትም ማለት አይደለም።»

ይህ እርማት ልክ ነው፤ ታሪኩም መነሣት ያለበት ከዚያ ገበያ ነው። ዓመቱ 1862 ነበር፤ ቦታው ዛሬ ጃካርታ፣ በዚያን ጊዜ በደች ቅኝ ገዥዎች አጠራር ባታቪያ የምትባለው ከተማ። ኤድዋርድ ፎን ማርተንስ የሚባል የበርሊን የእንስሳት ሙዚየም ባልደረባ፣ የፕሩሺያ መንግሥት በ1860 ወደ ምሥራቅ እስያ ከላከው ልዑክ ጋር በመርከብ መጥቶ፣ ልዑኩ ወደ አገሩ ሲመለስ እርሱ በደሴቶቹ መካከል መዞሩን ቀጠለ። የሰውዬው ፍቅር ቀንድ አውጣና ዛጎል ነበር። ዓሣ ዋና ሙያው ባይሆንም አዲስ ከተማ የገባ ሰብሳቢ የዓሣ ገበያን ሳያይ አያልፍም፤ ከዚያ ገበያ 33 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም አንዲት ሴት ስቲንግሬይ አገኘ። በ1864 ለሳይንስ አዲስ መሆኗን ጽፎ አሳወቀ። ዛሬ በሳይንሳዊ ስሟ ኡሮሎፈስ ጃቫኒከስ ትባላለች። አካሏ በርሊን ውስጥ ተቀምጧል፤ በዓለም ላይ ከዚያች ሌላ ናሙና የለም።

«እንግዲያው ሬሳውማ አለ» አለች ልጅቱ ፈገግ ብላ።

«እርሱ የአንዷ ሬሳ ነው። እኔ የምጠይቀው የዘሩን ነው።»

ምን ትመስል እንደነበር ለመናገር ከዚያች አንዲት ናሙና ውጭ ምንጭ የለም። ከወርዷ ቁመቷ የሚበልጥ ሞላላ ገበታ የመሰለ አካል ነበራት። ጀርባዋ ቡናማ ሆኖ ደመቅና ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች ተረጭተውበታል። ጅራቷ እንደ ብዙዎቹ ስቲንግሬዮች አለንጋ መስሎ አይሾልም፤ አጠር ብሎ ጫፉ ላይ የቅጠል ቅርጽ ያለው ክንፍ አለው፤ ከእሾሁ ፊት ለፊትም ሌላ ትንሽ ክንፍ በቅሏል። ስቲንጋሪ የሚባለው ቤተሰብ አብዛኞቹ አባላት የአውስትራሊያ ባሕር ነዋሪዎች ናቸው። ይህችኛዋ ግን ወደ ሰሜን ወጥታ የምድር ወገብ አካባቢ በሚገኘው ሞቃት ባሕር ትኖር ነበር።

መምህሩ ስለ ስቲንግሬይ የሚያውቁት አብዛኛው ሰው የሚያውቀውን ነው፤ አዞ እያሳደደ በቴሌቪዥን ይቀርብ የነበረው አውስትራሊያዊው ስቲቭ ኧርዊን በ2006 በስቲንግሬይ እሾህ ደረቱን ተወግቶ መሞቱን። «ያን የመሰለ ገዳይ ፍጥረት በመረብ ያልቃል ብለሽ ነው?»

«ጋሼ፣ ያ ከሰው የሚበልጥ ዓይነት ነበር። ይህችኛዋ ከአንድ ማስመሪያ ብዙም አትበልጥም። እሾሁም መከላከያ ነው እንጂ ማጥቂያ አይደለም። ደግሞ መረብ እሾህ አይፈራም። ያለቁት በአወላለዳቸው ነው።»

«እንዴት?»

«እንቁላል በትነው አይሄዱም። ስቲንጋሪዎች ልጃቸውን በማኅፀን ተሸክመው ነው የሚወልዱት። አንድ ወይም ሁለት፣ ሲበዛ ጥቂት። ጽንሱ መጀመሪያ በአስኳሉ ይቆያል፤ አስኳሉ ሲያልቅ እናቲቱ ከማኅፀኗ ግድግዳ ወተት የመሰለ ምግብ እያመነጨች ትመግበዋለች።»

«ዓሣ ወተት?» አሉ ባለቤታቸው፤ አሁን መጥተው ተቀምጠዋል። «ጾም ላይ የምንበላው ዓሣ?»

ሁሉም ሳቁ። ነገሩ ግን ለክርክሩ ቁልፍ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል የሚጥል ዓሣ አንድ ጥሩ ክረምት ካገኘ ያንሰራራል። አንድ ሁለት የሚወልድ ግን በየዓመቱ ከሚወልደው በላይ ከተጠመደ ቁጥሩ በዝግታ፣ ማንም ሳያስተውል ይወርዳል። ሻርኮችና ስቲንግሬዮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ ሒሳብ ነው የሚኖሩት። በ2021 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምገማ 1,199 የሻርክ፣ የስቲንግሬይና የቅርብ ዘመዶቻቸው ዝርያዎችን መርምሮ 391ዱ የመጥፋት አደጋ ላይ እንዳሉ አስታውቋል። ዋናው ምክንያት ከመጠን ያለፈ ዓሣ ማጥመድ ነው።

መምህሩ ቁጥሩን በጥሞና አዳመጡ፤ ግን አልተረቱም። የባዮሎጂ መምህር ናቸውና የያዙት መሣሪያ ሌላ ነበር። «ሲላካንትን ታስታውሻለሽ? ከዳይኖሰር ጋር ጠፍቷል ተብሎ በመጽሐፍ ሲጻፍ ኖሮ፣ በ1938 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንዲት የሙዚየም ሠራተኛ ከአጥማጆች ጀልባ ላይ አገኘችው። ማርጆሪ ኮርትኒ ላቲመር። ስሟን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈው ነበር።»

«ይብሱን ልንገርዎት ጋሼ። ሁለተኛው የሲላካንት ዝርያ የተገኘው እዚያው ኢንዶኔዥያ ነው። በ1997 ማናዶ የሚባል ከተማ የዓሣ ገበያ ውስጥ፣ በጫጉላ ሽርሽር ላይ የነበሩ ባልና ሚስት ናቸው ያዩት። ባልየው ማርክ ኤርድማን የባሕር ተመራማሪ ነበር፤ ዓይኗ ያረፈበት ግን ሚስቱ ነበረች ይባላል።»

«ታዲያ ለእኔ እየመሰከርሽልኝ እኮ ነው!»

«አዎ፤ ግን ሲላካንት የሚኖረው ከመቶ ሜትር በላይ ጠልቆ፣ በቋጥኝ ዋሻ ውስጥ ነው። መረብ የሚደርስበት ከስንት አንዴ ነው። የጃቫ ባሕር ግን አማካይ ጥልቀቱ 46 ሜትር ገደማ ነው። መደበቂያ የለውም። በ1862 የነበሩት ጀልባዎች ደግሞ በሸራ የሚሄዱ ናቸው፤ ዓሣውም በዚያ ሙቀት ሩቅ አገር ውሎ ትኩስ ሆኖ ገበያ አይገባም። ስለዚህ ከከተማዋ አጠገብ፣ ከጥልቀት የለሹ ዳርቻ ነው የተጠመደችው ማለት ነው።»

ይህ መላ ምት እንጂ ምስክርነት አይደለም፤ ልጅቱም አልካደችም። የቤተሰቡ ሌሎች አባላት ጥልቅ ውኃ ውስጥ የሚገኙበት ጊዜ አለ። ሆኖም ከሁለቱ ግምቶች ለእውነት የሚቀርበው የእርሷ ነው። በዚያ ዳርቻ ላይ የደረሰውን ስንመለከት ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል።

ጃቫ ዛሬ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ደሴት ናት። በጃቫ ባሕር ዳርቻ የሚጠመደው ዓሣ መመናመን የጀመረው ሞተር ከመምጣቱ በፊት፣ ገና በ1870ዎቹ ነበር። በኋላ ሞተር መጣ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ትሮል የሚባለው፣ የባሕሩን ወለል እየጠረገ የሚጎተት ከባድ መረብ ገባ። ስቲንግሬይ ከወለሉ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚውል ዓሣ በመሆኑ ከዚህ የከፋ ጠላት የለውም። የትሮል ባለቤቶችና የትናንሽ ጀልባ አጥማጆች ጠብ እየከረረ ሄዶ፣ ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ በ1980 በቁጥር 39 ድንጋጌ ትሮልን ከለከሉ። ይሁን እንጂ ስማቸውን የቀየሩ ተመሳሳይ የሚጎተቱ መረቦች ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ ቆይተዋል።

በላዩ ላይ ብክለቱ አለ። ወደ ጃካርታ ባሕረ ሰላጤ 13 ወንዞች ይፈስሳሉ፤ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለባትን ከተማ ፍሳሽ ይዘው። በ2021 የታተመ ጥናት በሰላጤው ሁለት ቦታዎች፣ አንኬና አንቾል በሚባሉት፣ የፓራሲታሞል መድኃኒት በውኃው ውስጥ ሟሙቶ አግኝቷል። ባሕሩ ራስ ምታት ቢኖረው ይሻለው ነበር፤ ከመድኃኒቱ ጋር ብዙ የከፋ ነገር አብሮ ይገባል።

«እሺ፣ ተበክሏል፤ ተጠምዷል» አሉ መምህሩ። «ግን ማን ፈለጋት? የማይፈልጉትን ነገር ጠፋ ማለት ቀላል ነው።»

ልጅቱ የጠበቀችው ጥያቄ ይህ ነበር። የማስተርስ ጽሑፏን የሠራችው ጀልባ ተራ ላይ ቆማ ዓሣ በመለካት ነውና ስለዚህ ነገር ስትናገር ድምፅዋ ይለወጣል።

«ከ2001 ጀምሮ የኢንዶኔዥያና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በየወደቡና በየዓሣ ማራገፊያው እየዞሩ ሻርክና ስቲንግሬይ ሲመዘግቡ ነበር። ጃካርታ ውስጥ ሙአራ አንኬ፣ ደቡብ ጃቫ ፓላቡሃንራቱና ቺላቻፕ፣ ባሊ ላይ ኬዶንጋናን፣ ሎምቦክ ላይ ታንጁንግ ሉዋር። በ2006 ዊልያም ዋይትና ባልደረቦቹ ይህን ሁሉ በአንድ የመለያ መጽሐፍ አሳተሙት። ለሳይንስ ፈጽሞ አዲስ የሆኑ ዝርያዎች ሳይቀሩ ከዚያ ገበያ ወጥተዋል። እርሷ ግን አልወጣችም። ከዚያ በኋላም ቆጠራው አልቆመም።»

«ለስቲንግሬይ ይህን ያህል ገበያ አለ?» ባለቤታቸው ናቸው።

«ኧረ በደንብ ነው እንጂ እትዬ! በጢስ አድርቀው በኮኮናት ወተትና በበርበሬ ወጥ ይሠሩታል፤ ማንጉት ይባላል። ቆዳውም አይጣልም፤ ኪስ ቦርሳ ይሠራበታል። ኢንዶኔዥያ በዓለም ላይ ሻርክና ስቲንግሬይ በብዛት ከሚያጠምዱት አገሮች ግንባር ቀደም ናት። ስለዚህ መረብ የገባ ስቲንግሬይ አነሰ ተብሎ ወደ ባሕር አይመለስም፤ ገበያ ይወጣል። ገበያ ከወጣ ደግሞ ቆጣሪው ያየዋል።»

የኅብረቱን ግምገማ የመራችው ጁሊያ ኮንስታንስ ናት፤ በአውስትራሊያ የቻርለስ ዳርዊን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ በነበረችበት ጊዜ። ቡድኗ የነበረውን ጥቂት መረጃ ሁሉ ሰብስቦ፣ በስሌት ሞዴል መዝኖ ነው ወደ ውሳኔው የደረሰው። የኅብረቱ ደንብ አንድ ዝርያ ጠፍቷል የሚባለው የመጨረሻው አባል መሞቱን የሚያጠራጥር ምክንያት ሲያጣ ነው ይላል። ከዚያ በፊት ዝርያዋ ለብዙ ዓመት የተቀመጠችው በእጅግ አሳሳቢ አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ነበር።

እዚህ ላይ መምህሩ አንድ የተሻለ ድንጋይ አነሡ፤ ልጅቱ ራሷ ቀደም ሲል የላከችላቸውን ጽሑፍ። በ2020 ይኸው ኅብረት በታዝማኒያ ባሕር ዳርቻ የሚገኝ፣ በእጅ መሰል ክንፎቹ ወለል ላይ የሚራመድ አንድ ትንሽ ዓሣ ጠፍቷል ብሎ መዝግቦ ነበር። እርሱም የሚታወቀው በአንድ ናሙና ብቻ ነው፤ ፈረንሳዊው ፍራንሷ ፔሮን በ1800ዎቹ መጀመሪያ የሰበሰበው። በዓመቱ ኅብረቱ ውሳኔውን አንሥቶ «መረጃ ያንሰዋል» ወደሚለው መደብ አዛወረው።

«አንዱን መርዶ ነግረው መልሰው ካነሡ፣ ሁለተኛውን ለምን ልመን?»

ልጅቱ ጥቂት ዝም አለች። «ትክክል ነዎት። አንድ ናሙና ብቻ ያለው ዝርያ ሁልጊዜ አስቸጋሪ ነው። ልዩነቱ ፍለጋው ላይ ነው። ታዝማኒያ ላይ ያንን ትንሽ ዓሣ በየቀኑ እያጠመደ ገበያ የሚያወጣለት ሰው አልነበረም። ጃቫ ላይ ግን በሺህ የሚቆጠሩ አጥማጆች ሳያውቁት በየቀኑ ለተመራማሪዎቹ ሲፈልጉላቸው ነበር።»

ይህ ለጽሑፉ አዘጋጅ የክርክሩ ጠንካራ ነጥብ ነው። የዓሣ ገበያ ዝርያዋ ለሳይንስ የተገለጠችበት ቦታ ነበር፤ የጠፋችበትም ምክንያት አካል ነው፤ መጥፋቷን ያረጋገጠውም ራሱ ነው። በመካከሉ ግን ከ1862 እስከ 2001 ድረስ 139 ዓመት አለ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዝርያዎቹን እየለየ በተከታታይ የቆጠረ ስላልነበረ የሞተችበትን ቀን ቀርቶ አሥርት ዓመቱን እንኳ መናገር አይቻልም። የመምህሩ ጥርጣሬ የተወለደው ከዚያ ባዶ ቦታ ነው።

መምህሩም ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆጠራ ምን እንደሚያደርግ ከቤታቸው በር ላይ አይተዋልና። በጣና ሐይቅ ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ላቢዮባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። በታንኳ ከሚደረገው ማጥመድ በተጨማሪ በ1980ዎቹ አጋማሽ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 1993 የለኩትን ከ1999 እስከ 2001 ከለኩት ጋር ሲያስተያዩ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት በ75 በመቶ ቀንሶ አገኙት። ወንዝ አፍ ላይ በእርባታ ወቅት መረብ ስለሚዘረጋ እናቶቹ እንቁላላቸውን ሳይጥሉ ይያዛሉ።

«ያን ጊዜ እኔም ገበያ ላይ አይቼዋለሁ» አሉ ባለቤታቸው። «ዓሣው እያነሰ፣ ዋጋው እየጨመረ። ማን ጠየቀኝ?»

«ልዩነቱ ይኸው ነው እትዬ። የጣናው ተለክቶ ስለነበር ከመጥፋቱ በፊት ተነገረ። የባታቪያዋ አልተለካችም።»

መምህሩ አሁንም አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ ሽንፈትን ሙሉ በሙሉ የሚቀበሉ ሰው አይደሉም። «ተሳስተው ቢሆንስ? አንድ ቀን ከመረብ ብትወጣስ?»

«ደስ ይለናል። ደርሶም ያውቃል።» ልጅቱ ስልኳን አውጥታ ሻርክም ስቲንግሬይም የሚመስል፣ ነጫጭ ነጠብጣብ የሞላበት ዓሣ አሳየቻቸው። ከሲንጋፖርና ከጃካርታ ገበያ በተገኙ ናሙናዎች ብቻ የሚታወቅ ነበር፤ ከ20 ዓመት በላይ ሳይታይ ቆይቶ በ2019 አንዱ ሲንጋፖር ገበያ ላይ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ ማቲው ማክዳቪትና የቻርለስ ዳርዊን ዩኒቨርሲቲው ፒተር ካይን ባሕር ላይ ከመውጣት ይልቅ የኢንዶኔዥያ አጥማጆች በማኅበራዊ ሚዲያ የለጠፏቸውን ፎቶዎች መፈተሽ ጀመሩ። ዓሣው በሊንጋና በሲንኬፕ ደሴቶች አካባቢ በሕይወት እንዳለ የታወቀው እንዲህ ነው። አጥማጆቹ የለጠፉት ለጉራ ነበር።

«በፌስቡክ?» አሉ መምህሩ።

«በፌስቡክ፣ ጋሼ።»

ነገሩ ከጃቫ ወደ እኛ ሰፈር የሚቀርበውም እዚህ ላይ ነው። የ2021ዱ ግምገማ ምናልባት ጠፍተዋል ብሎ የጠረጠራቸው ዝርያዎች ሦስት ነበሩ። አንደኛዋ የጃቫ ስቲንጋሪ ናት። ሁለተኛው ከ1934 ወዲህ ያልታየ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሻርክ ነው። ሦስተኛዋ የቀይ ባሕር ቶርፒዶ ናት፤ ጠፍጣፋና ክብ፣ ከአካሏ ኤሌክትሪክ የምታመነጭ፣ በ1898 ኦስትሪያዊው ሽታይንዳክነር የመዘገባት፣ ከዚያ ወዲህም ያልታየች። እርሷ እስከዚያ ግምገማ ድረስ «ጠፍታለች» ተብሎ አልተቆረጠባትም፤ «ምናልባት» የሚለው ቃል አብሯት ነበር።

ባለቤታቸው ጂዳ የምትኖር ልጅ አለቻቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ገበያ ትሄዳለች። «እንግዲህ ለእርሷ እደውላለሁ» አሉ፤ እንደ ቀልድ ጀምረውት በመሃል ቁም ነገር ሆነ።

በጂዳ፣ በጅቡቲም ሆነ በየመን ዳርቻ ዓሣ ገበያ የምትወጡ አንባቢዎች፣ ያልለመዳችሁት ክብ ጠፍጣፋ ዓሣ ካያችሁ ከላይም ከታችም ፎቶ አንሡት። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስክሪብቶ ወይም ሳንቲም አኑሩ፤ ቀኑን፣ ገበያውንና ሻጩ የተጠመደበትን ቦታ የነገራችሁ እንደሆነ ያንንም ጻፉ። ገና ከመረብ የወጣ ከሆነ ግን በእጃችሁ አትንኩት፤ ቶርፒዶ በሕይወት ሳለች ትነዝራለች።